ከመርዶው በፊት የተሰረዘ

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የተሰጠኝ ተግባር ካርታ ላይ ክልል ማጠር ነበር። ማውሱን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ አድርጌ ጎተትኩት፤ መስመሩ ወደ ላይ እንጦጦ ማርያምን፣ ወደ ምሥራቅ ካራን ጨምሮ ተዘጋ። ከዚያ ጀምሮ በአጥሩ ውስጥ ሆኖ ለሁሉም ክፍት በሆነ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ የጻፈ ወይም ፎቶ የለጠፈ ሰው፣ ያለበትን ቦታ ካልደበቀ በቀር፣ የለጠፈው ነገር የእኔ ስክሪን ላይ ይመጣል። የተቀጠርኩበት የጥበቃ ድርጅት ደንበኛ እንጦጦ ዳገት ላይ የእንግዳ ማረፊያ፣ ካራ ደግሞ መጋዘን አለው። መንገድ ቢዘጋ፣ ሰው ቢሰበሰብ፣ ግርግር ቢነሳ በር ላይ ከቆሙት ጥበቃዎች ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ይህንን የሚያሳውቀው አዲሱ ሲስተም ነው። ሲስተሙን ደግሞ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

መስመሩን ስዘጋው የምኖርበት ቤት ውስጥ ገባ። ደስ አላለኝም። መስመሩን ወደ ውስጥ ብጎትተው ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ይቀራል፤ ብተወው የእኛ ግቢ ይገባል። በመጨረሻ የእኛን ቅያስ ብቻ ዘሎ የሚያልፍ ትንሽ ጎድጓዳ አበጀሁ። ኃላፊዬ አጎንብሶ ሲያይ፣ ይቺ የተሸረፈች ጥርስ ምንድን ናት አለኝ። ቤቴ መሆኑን ነገርኩት።

«ቲቸር፣ ራስሽን ከራስሽ ልትደብቂ ነው?» አለና ሳቀ። ማውሱን ከእጄ ወስዶ ጎድጓዳውን ሞላው።

ቲቸር የሚለኝ የሁሉንም ሪፖርት ፊደል ስለማርም ነው። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ በሥልጣን ይበልጠኛል፤ ሁለቱን ያስታረቀልን ይህ ቅጽል ስም ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አሁንም እላለሁ።

ያልተጣራ ነገር ስለማልወድ የመጀመሪያዎቹን ወራት በማጣራት አሳለፍኳቸው። ሲስተሙ የሰፈሮቹን ስም የጠቀሰ ጽሑፍም ይሰበስባል፤ ሰው ግን ሰፈሩን በሙሉ ስሙ አይጠራም። ፈረንሳይ ይላል፣ ይበቃል። እናም የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ኳስ በተጫወተ ቁጥር ስክሪኔ በጎል ይጥለቀለቃል። እንጦጦ ማርያም የሚሉት ደግሞ ለጸበል የወጡ፣ ለሩጫ የወጡ፣ ሙሽራ አጅበው ፎቶ ሊነሱ የወጡ ናቸው። ሁሉንም እየለየሁ ወደ ጎን አደርጋለሁ። ሙሽሮቹ ሲያልፉ ቀሚሳቸውን ማየት ግን አልተውኩም።

ካወጣኋቸው ደንቦች አንዱ ስለ ስረዛ ነበር። ሲስተሙ አንድ ጽሑፍ ሲለጠፍ ወዲያው ቅጂውን ያስቀምጣል፤ ጸሐፊው በኋላ ቢሰርዘውም ቅጂው እኛ ጋ ይቀራል። አንድ ሰው የጻፈውን ቢሰርዝ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል። ብዙ ሰዎች በአንድ ሰፈር ተከታትለው ከሰረዙ ግን ሰርዙ ያላቸው ሰው አለ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመው ቀይ ምልክት እንዲያሳይና ለኃላፊዬም ለደንበኛውም ባንድ ጊዜ እንዲያሳውቅ አዘዝኩት። ኃላፊዬ በጣም ወደደው። ለደንበኛው ባሳየ ጊዜ የእኛ ሰው ያመጣችው ሐሳብ ነው አለ፣ እኔን ሳይጠራ።

ስለ ሥራው ለማንም ላልናገር ፈርሜያለሁ። አብራኝ የምትኖረው ሴት እንኳ ኮምፒውተር ላይ እንደምሠራ እንጂ ምን እንደምሠራ አታውቅም ነበር።

እሷን እትዬ እላታለሁ። የተዋወቅነው የማታ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነው። እኔ እኩዮቼ ሁለተኛ ልጃቸውን በሚወልዱበት ዕድሜ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ ከእኔም ትበልጥ ነበር፣ ባሏ ሞቶባት አንድ ልጅ ታሳድጋለች። ቃል በቃል የማጥናት ልማድ ነበረን፤ አንዳችን ደብተር ይዘን አንዳችን በቃላችን እንላለን፣ አንዲት ቃል ከተሳተች እንደገና ከመጀመሪያው። እሷ አሥረኛ ክፍል ስትደርስ አቆመች፣ እኔ ገፋሁበት። በመጨረሻም ከግቢዋ ጀርባ ያለችውን ክፍል አከራየችኝ። ሲያሰኛት ምሁሯ ትለኛለች። ሰላምታም ስድብም ነው፣ እንደ ቀኑ።

ልጇ ገልባጭ መኪና ነጂ ነበር። ከከተማ ርቆ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበረ አንዳንዴ ስልኩ ለቀናት አይሠራም፤ መስመር ባገኘ ቁጥር ግን ገጹ ላይ ፎቶ ይለጥፋል። ከአቧራ ጋር፣ ከመኪናው ጋር፣ ከምሳው ጋር። እትዬ ደህንነቱን የምታውቀው በዚያ ነው። ማታ ማታ እንድከፍትላት ትጠይቀኛለች፤ ፎቶውን በጣቶቿ አስፍታ ፊቱን ታያለች፣ ከስቷል ትላለች፣ ሁልጊዜም ከስቷል። እኔንም ስማርት ስልክ ያስተማረኝ እሱ ነው። እትዬ አይሞትብሽም፣ ንኪው፣ ይለኝ ነበር ስክሪኑን ስፈራ። እሱም እንደ እኔ እትዬ ነበር የሚለን፣ እናቱንም እኔንም።

አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ቀዩ ምልክት በርቶ ነበር። ቦታው ፈረንሳይ ነው። ማለዳ ላይ የተለጠፉ ጽሑፎች ተከታትለው ተሰርዘዋል፤ ሁሉም የወጣቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ የሻማ ፎቶ አለባቸው። ቅጂዎቹን መክፈት ጀመርኩ። አንዱ፣ ወንድሜ፣ ቅዳሜ እንጦጦ አብረን እንወጣለን ብለኸኝ ነበር፣ ይላል። ሁለተኛው ሳላነበው ፎቶው ታየኝ። እሱ ነው። ገልባጭ መኪናው በር ላይ ተደግፎ፣ ያ እትዬ ደጋግማ ያሰፋችው ፎቶ። ከሥሩ፣ መኪናው ገደል ገባ አሉ፣ አላምንም፣ ተብሎ ተጽፏል።

ለምን እንደሰረዙ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ለእናቱ አልተነገራትም። መርዶ ገና ነው። ልጆቹ ደንግጠው ጻፉ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ደርሶባቸው፣ እናቱ ከስልክ ታንብበው ወይ ብሎ፣ ሁሉም ወዲያው አጠፉ። በእኔ ደንብ ሰርዙ ያላቸው ሰው አለ። እውነትም ነበረ።

ኃላፊዬ ቡናውን ይዞ መጣና ከኋላዬ ቆመ። ማነው ያስጠፋቸው፣ ስንት ናቸው፣ ምን ሊያደርጉ ነው አለኝ። የሞተ ሰው እንዳለና መርዶ እንዳልተነገረ አስረዳሁት። ማን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። እሱም የአገሩ ሰው ነው፣ መርዶን ከእኔ ሊማር አይችልም።

«ገብቶኛል ቲቸር» አለ። «ደንበኛው ግን አይገባውም። አለርቱ ለእነሱም ደርሷል፣ ደውለዋል። ኮንፈርም አድርጉ ብለዋል። ሁለት ሰው ልልክ ነው።»

ወዴት ነው የምትልከው አልኩት። ጽሑፎቹ ወደ ተለጠፉበት፣ ሰፈሩ ላይ ጠይቀው ቤቱን ያገኙታል አለኝ። የጥበቃ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች እትዬ በር ላይ ቆመው፣ እዚህ ቤት ሰው ሞቷል ወይ ሲሏት ታየኝ። በሩን የምትከፍተው እሷ ራሷ ነች።

«አትላክ» አልኩት። «ቤቱን አውቀዋለሁ። የምኖረው እዚያ ነው።»

እንደዚያ ስል ነገሩ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፣ አይዞሽ አለኝ፣ ከልቡ ነበር። ከዚያ ትንሽ ቆየና፣ እንግዲያው አንቺው ሂጂና አረጋግጪ፣ ከሁለቱ ሰዎች አንቺ ትሻያለሽ አለኝ። ቀኑን ፈቃድ ሰጠኝ ብል ውሸት አይሆንም። ሥራም ሰጠኝ ብል ውሸት አይሆንም።

ከሚኒባስ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ የልጁ አጎት የእድሩ መጋዘን አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው፤ የእትዬ ባል ታላቅ ወንድም ናቸው። ፊቴን አይተው፣ ሰምተሻል አይደል አሉኝ። ሰምቻለሁ አልኳቸው። ከማን እንደሰማሁ አልጠየቁኝም፤ በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ሁሉ ከሰው ሰምቶ ነው። ልጆቹን እየዞሩ ያስጠፏቸው እሳቸው ነበሩ። ነገሩን የያዙት የእትዬ እህት ከደሴ እስክትደርስ ነው፤ ደም ግፊት ስላለባት ያለ እህቷ ሊነግሯት አልደፈሩም። ነገ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን አሉኝ። እስከዚያ ስልኳን ያዥልኝ፣ ፊትሽንም ያዥ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ለማንም እንዳትናገሪ ሲሉ ግን ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

እትዬ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በዚህ ሰዓት ምን አመጣሽ አለችኝ። ራሴን አሞኝ አልኳት። ተቀመጪ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ልጇ ለምን ዝም እንዳለ ነገረችኝ፤ መቼም ጫካ ገብቶ ይሆናል፣ እነዚያ ሰዎች መንገድ ሲሠሩ ልጁ እናት እንዳለው አያስታውሱም አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ፣ እስቲ ገጹን ክፈቺልኝ ብላ።

ስልኳ አፕዴት መደረግ አለበት፣ እስከ ነገ አይነካም አልኳት። የኮምፒውተር ሰው ነኝ፣ አመነችኝ። ወስጄ ክፍሌ ውስጥ ፍራሽ ሥር አደረግሁት። ስመለስ፣ በአንቺውስ ስልክ አለችኝ። ኔትወርክ የለም አልኳት።

«እናንተ ጋ ደግሞ ኔትወርክ ይጠፋል እንዴ ምሁሯ?» አለችኝ።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምስሩን አብሬያት መልቀም ጀመርኩ። ጠጠሩን ወደ አንድ ጎን፣ ደህናውን ወደ ሌላ። ኔትወርክ የለም ያልኩት ስልክ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር። በእግሬ ላይ ይሰማኛል። እሷም ሳትሰማው አልቀረችም።

መጸዳጃ ቤት ብዬ ተነስቼ አየሁት። ኃላፊዬ ነው። ምን ሆነ ይላል። ለቅሶ ነው፣ ቤቱን አረጋግጫለሁ፣ ለደንበኛው የሚያሰጋ ነገር የለም ብዬ ጻፍኩለት። አመሰገነኝ። ወዲያው ሌላ መልእክት መጣ፤ የሟች ስም ያስፈልጋል፣ ያለ ስም ደንበኛው ፋይሉን አይዘጋውም፣ ካልተዘጋ ሰው መላኩ አይቀርም ይላል። ከዚያ በታች፣ ይቅርታ ቲቸር፣ ይላል።

በቆርቆሮው በር ቀዳዳ ትታየኛለች። ሰፌዱን ከፍ አድርጋ ታነፍሳለች። ስሙን ጻፍኩ። የአባቱንም። ልጁን የማያውቁት፣ ካርታ ላይ ካልሆነ ይህን ዳገት የማያውቁት ሰዎች ከእናቱ ቀድመው ስሙን ከነአባቱ ተቀበሉ፤ የላክሁት ደግሞ ከእሷው ግቢ ነው። ሁለት ሰዎች አልመጡም። በሩ እስከ ማግስቱ አልተንኳኳም። ያሰብኩት ይሄንን ነበር፤ አገኘሁት።

የቀረውን ቀን አብሬያት ዋልኩ። ብዙ አወራችኝ፤ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ልጁ ሲመጣ ስለሚያስቀይረው፣ ስለ ማታ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ አስተማሪና ስለ ጫማው ጩኸት። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ እኔን ታየኛለች። ሲመሽ፣ አንቺ ልጅ ዛሬ ራስሽን ብቻ አይደለም ያመመሽ አለችኝ። መልስ አልጠበቀችም። ገብታ በሯን ዘጋች።

ጎህ ሲቀድ መጡ። አጎቱ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው እህቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። እትዬ በእግር ኮቴው ብዛት ተነስታ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ሽማግሌዎቹን አላየችም፣ እህቷንም አላየችም፤ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። አፏን ከፈተች። ከዚያ እህቷ ደረሰችና ያዘቻት። የሚነገረው በሚነገርበት ሰው፣ በሚነገርበት ሰዓት ተነገራት።

የለቅሶው ቀናት ካለፉ በኋላ ሥራውን ልለቅ ወሰንኩ። ለኃላፊዬ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ አጭር ነው፤ ሰው ሲያዝን የሚያየው ሲስተም አልፈልግም፣ የሚል ነው። ድንኳኑ በፈረሰ ሰሞን ግን እትዬ ክፍሌ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የልጇ ጓደኞች እየመጡ ሲያጽናኗት፣ በሞተበት ቀን ስለ እሱ ጽፈው እንደነበርና ለእሷ ብለው እንዳጠፉት ነግረዋታል። ምን ብላችሁ ጻፋችሁ ብትላቸው አላስታወሱትም፤ እንደ ነገሩ ነው የነገሯት። ሰው በመጀመሪያው ድንጋጤ የጻፈውን ቃል በኋላ አያገኘውም።

«አንቺ የኮምፒውተር ሰው ነሽ» አለችኝ። «የጠፋ ጽሑፍ ይገኛል?»

አይገኝም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን ጠቅልላ ወጣች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልመጣልኝም፤ የሚገኝ ነገር ስለሆነ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ስለ መልቀቄ ምንም ሳልናገር ቅጂዎቹን ከፈትኩ። ማተም አይቻልም፣ ማን ምን እንዳተመ ይታወቃል። በስልክም ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፣ ካሜራ ከጀርባዬ አለ። ማንበብ ግን ሥራዬ ነው። እንደ ድሮው፣ እንደ ዴስካችን፣ ቃል በቃል አጠናሁት። ወደ እንጦጦ ሊወጡ የነበሩትን፣ ስለ ሳቁ የጻፈውን፣ የሰደበውን ጭምር፤ አንዱ በፍቅር ሰድቦታል። የመጨረሻዋ የአንዲት ልጅ ናት። ጃኬትህ እኔ ጋ ነው፣ ለማን ልመልሰው፣ ብቻ ነው የጻፈችው።

ማታ ለእትዬ በቃሌ አልኩላት። ሳይጠፋ በፊት በአጋጣሚ አይቼው ነበር አልኳት። እውነት አልነበረም፣ እሷም እውነት እንዳልሆነ አውቃለች፤ ጽሑፎቹን ቶሎ እንዳጠፏቸው ነግረዋታልና። የት አየሽው አላለችኝም። ዓይኗን ጨፍና እስክጨርስ ሰማችኝ። የጃኬቱ ጋ ስደርስ ዓይኗን ገለጠች።

«ሴት ነች?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ማን ናት አለችኝ። አላወቅኋትም አልኩ። ስሟን አውቀዋለሁ፤ ፎቶዋንም አውቀዋለሁ፣ የምትኖርበትን ቅያስ እንኳ ማወቅ እችላለሁ። የልጁን ስም እንደሰጠሁ የእሷንም ልስጥ? አልሰጠሁም። እትዬ ግን አልጨቀጨቀችኝም። እንደገና በይልኝ ብቻ አለችኝ። ደገምኩላት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ትመጣለች። ድሮ ገጹን ክፈቺልኝ ስትል ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ትቀመጥና በይልኝ ትላለች። የሰፈሩ ልጆች እትዬ የጻፉትን ቃል በቃል ስትነግራቸው ደንግጠዋል፤ በር ላይ ሳልፍ ወሬያቸውን ያቆማሉ፣ ስልካቸውንም ኪሳቸው ይከታሉ። አንዱ ቀልድ አስመስሎ፣ እትዬ አንቺም እኛን ፎሎ ታደርጊያለሽ እንዴ ብሎኛል። ሌሎቹ አልሳቁም። ቅጂዎቹ ለዘላለም አይቀመጡም፤ ጊዜያቸው ሲደርስ ሲስተሙ ራሱ ያጸዳቸዋል። ይህን ለእትዬ አልነገርኳትም። ሥራዬን የለቀቅሁ ቀን ደግሞ አብረው ይዘጉብኛል።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዳችን እያልኩላት ሳለ እጇን ጭኔ ላይ አድርጋ አስቆመችኝ።

«ትናንት ለማን ልመልሰው ብላለች ነው ያልሽኝ። ዛሬ ለማን ልስጠው አልሽ። የቱ ነው?»

ልብ አላልኩትም ነበር፣ በቃሌ የሸመደድኩት ከእጄ እየሾለከ ነው። ልዩነት አለው ወይ አልኳት፣ ድካሜን ለመሸፈን።

«አለው እንጂ» አለችኝ። «ልመልሰው ካለች ለእኔ ማለቷ ነው። ትመጣለች ማለት ነው። ልስጠው ካለች ግን ለማንም ልትሰጠው ትችላለች።»

የቱ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። እርግጠኛ ያልሆንኩትን ነገር ደግሞ መናገር አልችልም፣ ለእሷ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ አልችልም። ነገ አጣርቼ እነግርሻለሁ አልኳት። ወደ በሩ ስትሄድ፣ ነገ ሥራ ትገቢያለሽ አይደል ብላ ጠየቀችኝ። እገባለሁ አልኳት። በማግስቱም ማልጄ ገባሁ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፈረንሳይን ከፈትኩ።